ተሸንፎ የመውጣት መብት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2023 በአሜሪካ ኦክላሆማ የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ በ1989 የወጣውን የኒንቴንዶ ቴትሪስ ጌሙ ስታክ እስኪያደርግ ድረስ ተጫወተው። ደረጃ 157 ላይ ሁሉም ነገር ባለበት ደረቀ። ከዚያ በፊት እዚያ ቦታ የደረሰው የኮምፒውተር ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ ከ30 ዓመት በላይ ሰው የሆነ ፍጡር በገዛ ጣቱ አልደረሰበትም። ወሬው ዓለምን ዞረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ዜናውን አንብባ ስትጨርስ፣ እንደ እናት ልምከርህ በሚል ዜማ፣ ከስክሪኑ ራቅ በል፣ ወጣ ብለህ አየር ውሰድ፣ ቴትሪስን ማሸነፍ የሕይወት ግብ አይደለም የሚል ተግሣጽ ጨመረችበት።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር የተነገረን ዜናና አስተያየት በአንድ ድስት አይበስሉም ተብሎ ነው። ለዚያ ግን አንከሳትም፤ እኛም ሥራችን አስተያየት ስለሆነ ድንጋይ ለመወርወር የመጀመሪያዎቹ አንሆንም። ያናደደን ሌላ ነገር ነው። ያው ልጅ በ13 ዓመቱ የቼዝ ሻምፒዮን ቢሆን፣ ወይም መቶ ሜትር በመሮጥ ሪከርድ ቢሰብር፣ ወጣ ብለህ አየር ውሰድ የሚለው ይኖር ነበር? አይኖርም። ቼዝ ያልቃል፤ አሸናፊና ተሸናፊ አለው። ሩጫም ክር አለው። ቴትሪስ ግን ክር የለውም። ሰዎችን የሚያስቆጣው ያ ነው፤ መጨረሻ የሌለው ነገር ላይ ሰው እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ያፈሳል?

ይህ ንዴት በእኛ አገር የታወቀ ስም አለው፤ “መጨረሻህን ያሳየኝ” ይባላል። ስልክ ላይ አቀርቅሮ የተቀመጠ ልጅ ያየች እናት፣ አክስት ወይም የሰፈር ጋሼ ይህችን ቃል ሳይወረውር አያልፍም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ መጨረሻ የሌላቸው እነዚያ የድሮ ጌሞች ከዛሬዎቹ አብዛኞቹ ይልቅ ሐቀኞች ናቸው፤ ቁጣችሁን የምታወርዱት ደግሞ በማይገባው ላይ ነው። አባባላችን የተጋነነ የሚመስለው ካለ ትንሽ ይታገሠን።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። እ.ኤ.አ. በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለ ጃፓናዊ ታይቶ ለተባለው ኩባንያ ስፔስ ኢንቬደርስን ሠራ። ከላይ 55 ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ተደርድረው ወደ ጎን እየሄዱ ይወርዳሉ፤ እናንተ ከታች ሆናችሁ ትተኩሳላችሁ። ሁሉንም ብትጨርሱ ሌላ 55 ይመጣል። እነሱንም ብትጨርሱ ሌላ። ወራሪዎቹ ሲያልቁ የቀሩት እየፈጠኑ ይመጣሉ፤ ይህ ታስቦበት የተጀመረ ጥበብ አልነበረም። የዘመኑ ማሽን አቅሙ ትንሽ ስለነበር 55 ነገር መሣል ይከብደዋል፤ የሚሣለው ሲቀንስለት ይፈጥናል። ኒሺካዶ ይህን አየና እንዳለ ተወው። ጎበዝ! የመጨረሻው አንድ ወራሪ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው ማሽኑ ሸክሙ ስለቀለለለት ነው።

ቀጥሎ አስትሮይድስ በ1979፣ ፓክማን በ1980፣ ዶንኪ ኮንግ በ1981 መጡ። ሁሉም በአንድ ሕግ የተገዙ ናቸው፤ እየበረታ ይሄዳል እንጂ አያልቅም። የምትጫወተው እስክትሞት ነው። ስትሞት ነጥብህን ያሳዩሃል፤ ነጥብህ ከፍ ያለ ከሆነ አንዳንዶቹ ሦስት ፊደል አስገባ ይሉሃል፤ ሦስት ፊደል። ከዚያ ደህና ሁን።

ከሁሉ ልባችንን የነካው ግን ሚሳይል ኮማንድ ነው። በ1980 የአታሪው ዴቭ ቴውረር ሲሠራው አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት አውቶሚክ ቦምብ ተደቅነው የሚተያዩበት ጊዜ ነበር። ከታች ስድስት ከተሞች አሉ። ከላይ ሚሳይል ይዘንባል። የአንተ ሥራ መከላከል ብቻ ነው፤ አጸፋ መተኮስ የሚባል ነገር ጌሙ ውስጥ የለም፤ ሠሪው ራሱ ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው። ሲሠራውም ከተሞች ሲቃጠሉ እያየ በቅዠት ይባንን እንደነበር ተናግሯል። ማዕበሉ አያልቅም። አንድ ከተማ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ይሄዳል፤ የትኛውን ትቼ የትኛውን ላድን እያልክ በሰከንድ ትወስናለህ። በስተመጨረሻ ሁሉም ይሄዳሉ። በዚያን ጊዜ በሌሎቹ ማሽኖች እንደለመድነው “ጌም ኦቨር” አይልህም፤ “ዚ ኤንድ” የሚል ጽሑፍ በፍንዳታ መካከል ይወጣል። አሁን ይህን ጌም “አሸንፈህ የምትጨርሰው” ቢያደርጉት ምን ይሆን ነበር? የአውቶሚክ ጦርነት የሚሸነፍ ነገር ነው የሚል ውሸት ይሆን ነበር። መጨረሻ ባይኖረው ነው እውነት የተናገረው።

እነዚህ ጌሞች ጨርሶ አያልቁም ስንል ደግሞ ትንሽ እንዋሻለን። ያልቃሉ፤ ግን በስሕተት። ፓክማን የደረጃውን ቁጥር የሚይዘው ከ0 እስከ 255 ብቻ መቁጠር በሚችል ትንሽ ቦታ ነው። 256ኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቁጥሩ ይፈስና የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በፊደልና በቁጥር ውጥንቅጥ ይሞላል፤ የሚበሉት ነጥቦች ስለማይሟሉ ወደፊት ማለፍ የለም። አንድም ስሕተት ሳይሠራ እዚያ የደረሰ ሰው 3,333,360 ነጥብ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የለም። ዶንኪ ኮንግ ላይ ደግሞ 22ኛው ደረጃ ሲመጣ ሰዓቱን የሚያሰላው ሒሳብ ይበላሽና ጥቂት ሰከንድ ብቻ ሰጥቶ ይገድልሃል። ሠሪዎቹ እዚያ የሚደርስ እብድ ይኖራል ብለው ያሰቡ አይመስሉም። ተሳስተዋል፤ ተጫዋቹ ደርሷል። እኛን የሚገርመን እነዚህ ሰዎች የደረሱበት ቦታ ዋንጫ የሌለበት መሆኑ ነው። ሙዚቃ አይዘፈንም፤ ልዕልት አትሳምም። የተበላሸ ስክሪን አለ። እስከዚያ ድረስ ግን ሄዱ።

ቴትሪስስ? አሌክሲ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ በሶቭየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ተቀምጦ ሲሠራው ኤሌክትሮኒካ 60 የምትባለው ማሽን ሥዕል እንኳ ማሳየት ስለማትችል ቁራጮቹን በቅንፍ ምልክት ነበር የሠራቸው። ሰባት ቁራጭ፣ አንድ ጉድጓድ። ከዚህ በላይ የተጣራ ጌም እስካሁን አልተሠራም ብንል ብዙ ሰው አይጣላንም። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ሃይዲ ቡርጊየል የተባለች የሒሳብ ሊቅ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደችው። ቁራጮቹ በእውነተኛ ዕጣ የሚወጡ ከሆነ፣ ምንም ያህል ፍጹም ተጫዋች ብትሆን፣ ጨዋታው ምንም ያህል ቀስ ቢል፣ አንድ ቀን ትሸነፋለህ። ምክንያቱም ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጠማዘዙት ሁለቱ ቁራጮች እየተፈራረቁ ብቻ ቢመጡ ማንም ሊያድርባቸው አይችልም፤ ዕጣ ደግሞ ጊዜ ከተሰጠው ያንን ረጅም ክፉ ተራ ማምጣቱ አይቀርም። ሽንፈቱ በሒሳብ ተረጋግጧል። ይህን እያወቀ ሰው ይቀመጥና ይጫወታል። የኒንቴንዶው ቅጂ ላይ ደረጃ 29 ከሰው እጅ አቅም በላይ ነው ሲባል ስንት ዓመት ኖሯል! በኋላ ልጆች የመጫወቻውን ጀርባ በጣቶቻቸው እንደ ከበሮ እየመቱ አውራ ጣታቸውን ከላይ እንዲገፋ የማድረግ ዘዴ አመጡና ግድግዳው ፈረሰ። መጨረሻ የሌለው ነገር የሰውን ልጅ እንዲህ ያስፈጥረዋል።

አሁን ተቃዋሚያችን እጁን ያወጣል። “እነዚያ ማሽኖች የተሠሩት ሳንቲም ለመብላት አይደለም እንዴ?” ይለናል። ነው! አንክድም። ቡና ቤትና አርኬድ ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ሥራው በጥቂት ደቂቃ ገድሎህ ሌላ ሳንቲም ማስከፈት ነበር። መጨረሻ ያልተሰጠው አንዱም ለዚያ ነው፤ ሌላው የማስታወሻ አቅሙ ትንሽ ስለነበር ነው። ቤት ውስጥ የሚጫወቱት ሲመጡ፣ ሱፐር ማሪዮ በ1985፣ ዜልዳ በ1986፣ ታሪክና ፍጻሜ መጣ፤ አንድ ጊዜ ከፍለህ ገዝተኸዋልና ቶሎ የሚገድልህ ምክንያት አልነበረውም። ይህን ሁሉ እናውቃለን።

ነገር ግን የሳንቲሙን ንግድ ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ሳንቲም ለጀማሪ ሁለት ደቂቃ ይገዛል። ያው አንድ ሳንቲም ለበረታ ልጅ ሁለት ሰዓት ይገዛል። ባለ ማሽኑ ጥርሱን እያፋጨ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ችሎታህ በጨመረ ቁጥር የምትከፍለው ይቀንሳል ማለት ነው። ሀብታሙም ድሃውም ገብተው የሚጀምሩት በሦስት ነፍስ ነው፤ የሀብታሙ ልጅ ሳንቲም መደርደር ይችላል፣ ነጥብ ግን መግዛት አይችልም። ይህን ፍርድ ከዛሬው ስልክ ጋር አስተያዩት።

የዛሬው ስልክ ላይ ያለው ጌምም መጨረሻ የለውም። ካንዲ ክራሽ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ደረጃው ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል፤ ሌላም ይጨመራል። ነገር ግን እዚህ ላይ መሞት የሚባለው ነገር ተቀይሯል። አምስት ነፍስ አለህ። ስታልቅብህ አንዲት ነፍስ እስክትመለስ 30 ደቂቃ ጠብቅ ይልሃል። መጠበቅ ካልፈለግህ ክፈል፤ ወይም ጓደኞችህን ለምን። ደረጃው አልሄድ ካለህ መዶሻ የምታህል ነገር ይሸጥልሃል። የድሮው ማሽን ትገድልህና ታሰናብትሃለች፤ ይሄኛው ግን አንገትህን ይዞ ያስቀምጥሃል፤ አይገድልህም፣ አያሰናብትህም። በማግሥቱ “ዛሬ አልገባህም፣ ስጦታህ ሊያልፍብህ ነው” የሚል መልእክት ይልክልሃል። (ፍቅረኛ እንዲህ ቢያደርግ ጓደኞቻችን ተለዪው ይሉን ነበር።) ሌሎቹ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቀውን ሣጥን በገንዘብ ይሸጣሉ፤ የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 መርምሮ ይሄማ ቁማር ነው ብሎ ወስኗል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ማለቂያ ቢስነት አለ። አንደኛው “እኔ አላልቅም፣ አንተ ግን ታልቃለህ፤ እስከዚያው የቻልከውን ያህል ቁም” ይላል። ሁለተኛው “እኔም አላልቅም፣ አንተም እንድታልቅ አልፈቅድልህም” ይላል። የመጀመሪያው ያከብርሃል። ሁለተኛው ያረባሃል። ወላጆቻችን፣ አስተማሪዎቻችንና የሬዲዮ መካሪዎቻችን ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተው “ጌም” እያሉ ይረግማሉ፤ እርግማኑ የሚያገኘው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውማ እነሱም ስልክ ላይ አለ።

ናፍቆት ነው የሚሉንም አሉ። የማን ናፍቆት? እነዚህ ማሽኖች ሲሠሩ እኛ አልተወለድንም። አርኬድ የሚባለውን ቤት ያየነው ፊልም ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያደግን ልጆች የምናውቀው ጆተኒና ከረንቡላ፣ ኋላም ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እሱም ቢሆን የወንድሞቻችን ነበር። ኳስ ጨዋታ ይከፈታል፤ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ከኋላ አሥር ወንድ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሴት ልጅ በሩ ላይ ብትቆም እንኳ “ማንን ፈልገሽ ነው?” ትባላለች። ስለዚህ ከመካከላችን ሴቶቹ ለጌም የተዋወቅነው በአባቶቻችን ኖኪያ ነው።

ስለ እባቧ ካላወራን ይህ ጽሑፍ ጎደሎ ነው። ታኔሊ አርማንቶ የተባለ የኖኪያ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ኖኪያ 6110 ላይ አስገባት። በ2000 በወጣው 3310 ላይ ሁለተኛዋ መጣች፤ በ2003 ደግሞ ያቺ ባለ ባትሪዋ 1100 ይዛት ወደየቤቱ ገባች። ሕጓን ለማስረዳት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ብላ፣ እደግ፣ ራስህን አትንካ። የሚገድልህ የራስህ እድገት ነው። ይህን ያሰበ ሰው ፈላስፋ ነው ብንል አንሳሳትም። ዳታ አትበላም። ፓኬጅ አለቀብህ አትልም። መብራት በሄደ ሌሊት ከፋኖሱ ጎን ትሠራለች። ስትሞት ያለ ወለድ፣ ያለ ልመና፣ እንደገና አንድ ብለህ ትጀምራለህ። አባት ስልኩን ሲቀበል ደግሞ ያልቃል፤ ማንም “ስጦታሽ ሊያልፍብሽ ነው” ብሎ አይጠራሽም። ታላቅ ወንድም ያስመዘገበውን ነጥብ ታናሽ እኅት ስታልፈው የሚፈጠረውን ጸጥታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ለነገሩ ይህ ጣዕም ከጃፓን በመርከብ የመጣ አይደለም። ገመድ ዝላይ መጨረሻው የት ነው? ኳስ ማንቀርቀብስ? የካልሲ ኳስ በእግሩ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚቆጥር ልጅ ስንት ሲደርስ ነው “አሸነፍኩ” የሚለው? አይልም። ስትወድቅ ያቆማል፤ ቁጥሩን ለጓደኛው ይናገራል፤ ጓደኛው ይረከባል። እንካ ሰላንትያም ቃል እስኪያጥርህ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት ጨዋታ ግማሹ እንዲህ ነው፤ ያኔ ለአንዱም “መጨረሻህን ያሳየኝ” አልተባለም። ታዲያ እግር የሠራውን ጣት ሲሠራው ለምን ነውር ይሆናል?

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው እናውራ። ዶንግ ንጉየን የሚባል የቬትናም ወጣት ሃኖይ ቁጭ ብሎ ፍላፒ በርድን ሠራ። አንዲት ወፍ፣ ቱቦዎች፣ አንድ ጣት። መጨረሻ የለውም፤ ብዙ ሰው ከአምስት ነጥብ በላይ ሳያገኝ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ወጣ፤ በ2014 መጀመሪያ ዓለም አበደበት፤ ከማስታወቂያ በቀን 50,000 ዶላር ገደማ እንደሚያስገባ ተዘገበ። በፌብሩዋሪ 2014 ራሱ አወረደው። ሱስ ሆኗል፣ እኔ የሠራሁት ለጥቂት ደቂቃ መዝናኛ ነበር አለ። ሰዎች የሚያምኑት ነገር ስላጡ ብዙ ሴራ ተረቱበት። እኛ ግን እናምነዋለን። ይህም ክርክራችንን የሚያፈርስ አይደለም ወይ ላለን፣ አዎ፣ ሐቀኛው ዓይነትም ሊያሳብድ ይችላል፤ አልካድንም። ልዩነቱ ሠሪው የሰዎቹን ሁኔታ ሲያይ ደነገጠ። የሌሎቹ ኩባንያዎች ደግሞ ያንኑ ሁኔታ ሲያዩ “ተሳክቷል” ብለው ለባለ አክሲዮኖቻቸው ሪፖርት ያቀርባሉ።

እስካሁን ያልነው ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ወደሚያሳምመን እንምጣ። በሰፈራችን ልጆች ስልክ ላይ ያየናት አንዲት አውሮፕላን አለች። ጥቁር ስክሪን፣ ቀይ መስመር፣ ቀላል ሥዕል፤ ከሩቅ ያየ ሰው የ1980ዎቹ የአርኬድ ጌም ይላታል። አውሮፕላኗ ትነሣለች፤ ከጎኗ ቁጥር ይወጣል፤ ሳትሰወር በፊት “ካሽ አውት” ካልክ ውርርድህ በዚያ ቁጥር ይባዛል፤ ከተሰወረች በልታሃለች። ዙሩ ብዙውን ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። ወዲያው ሌላ ይጀምራል። ማለቂያ የለውም። ይህች የመጨረሻዋ ሌባ ናት፤ የሐቀኛውን ዘመድ ልብስ ሰርቃ የለበሰች። ምክንያቱም የድሮው ጌም ላይ ጣትህ የሚያደርገው ነገር አለ፤ በሺኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ትሻላለህ። እዚህ ግን አውሮፕላኗ የምትሰወርበት ቅጽበት ዙሩ ሲጀምር በዕጣ ተቆርጧል። ሺህ ጊዜ ብትጫወት የምትማረው ነገር የለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ሠሪ ራሱ በሚናገረው መሠረት ከተወራረዱበት 100 ብር በአማካይ 97 ይመለሳል። ሲሰሙት ደግ ነው የሚመስለው፤ ሦስት ብር ምን አላት? ነገር ግን ልጁ 97ቱን ይዞ አይወጣም፤ መልሶ ያስገባዋል። 97ቱ 94 ይሆናል፤ 94ቱ 91። እንዲህ እያለ ሲያዞረው በአማካይ በ23ኛው ዙር ላይ ግማሹ የለም። ዙሩ ደቂቃ አይሞላም ብለናል፤ ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ማለት ነው። ለታክሲ ሰልፍ ከምንቆመው ባነሰ ጊዜ! በመካከል አንድ ሁለት ጊዜ “በላሁ” ብሎ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ነው የሚያስቀረው። ከዚህ ልጅ ጎን ኖኪያ ይዞ እባብ የሚያሳድገውን ልጅ አስቀምጡና የትኛውን “መጨረሻህን ያሳየኝ” ማለት እንዳለባችሁ ፍረዱ። የትኛው ነው ሲሸነፍ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መሄድ የሚችለው?

የእኛን ትውልድ በተመለከተም አንድ ነገር አለ። ስናድግ ሁሉም ነገር ክር ነበረው። ስምንተኛን እለፍ፣ ማትሪክ እለፍ፣ ተመረቅ። ክሩን በጠስን፤ ጥቁር ካባ ለብሰን ፎቶ ተነሣን። ማግሥቱ ምን ሆነ? ሌላ 55 ወራሪ። ሥራ ፍለጋ፣ ከዚያ የቤት ኪራይ፣ ከዚያ ሌላ። “አሸንፈሃል” የሚል ስክሪን አልመጣም። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ጓደኞቻችን ያዘኑት ስላልሠሩ ብቻ አይደለም፤ መጨረሻ አለ ተብለው ስለነበር ነው። መጨረሻ ያላቸውን ጌሞች አንጠላም፤ ጥሩ ታሪክ ያለውን ጨርሰን ያለቀስንበት አለ። ግን ሁሉም ነገር ክር እንዳለው አድርጎ መምከር ምን እንዳደረገን እናውቃለን። ደረጃ 29ን ያለፈው ልጅ ከፊቱ ደረጃ 30 እንጂ ሰርተፍኬት አልጠበቀም።

ስለዚህ የምንፈልገውን እንናገር። ከወላጆች፦ ልጁ ምን እንደሚጫወት ከመጠየቃችሁ በፊት ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን ጠይቁት። እንደገና ለመጀመር የሚጠየቀው ገንዘብ ከሆነ ያን ጊዜ ተቆጡ፤ እኛም አብረን እንቆጣለን። ከተቆጣጣሪው አካል፦ ዕጣን ጌም አስመስሎ የሚሸጥን እንደ ዕጣ ቁጠሩት፤ ሥዕሉ አያታልላችሁ። ከሬዲዮ መካሪዎች፦ እባካችሁ አንድ ቀን እንኳ ተጫውታችሁ አውሩ።

ከሁሉ በላይ ግን የምንለምነው የአገራችንን ጌም ሠሪ ወጣቶች ነው። ግዙፍ ጌም የሚሠራ ገንዘብ የለንም እያላችሁ ስታዝኑ እንሰማለን። ቴትሪስን የሠራው ሥዕል የማታሳይ ማሽን ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ነው፤ ፍላፒ በርድንም እንዲሁ አንድ ሰው ነው የሠራው። የገበጣውንም፣ የገመድ ዝላዩንም፣ የአዲስ አበባን ታክሲ ሰልፍም ውሰዱና አንድ ስክሪን፣ አንድ ሕግ፣ የማያልቅ ነገር ሥሩልን። እስኪበቃን ግደሉን። የክፍያ ቁልፍ ግን አታስገቡበት። መብላት አለባችሁ፤ እናውቃለን፤ አንድ ጊዜ በአንድ ማኪያቶ ዋጋ ሽጡልን፣ እንገዛለን። ነጥብ ለምናስመዘግብበት ቦታ ደግሞ ሦስት ፊደል ይበቃናል፤ በላቲን ሦስት ፊደል የስም ምህጻር ብቻ ነው፣ በእኛ ፊደል ግን አበበም ሰላምም ሙሉ ስማቸው ይገባል።